የዳይሬክተር ልዑልቃል እርቅ

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ መጻፍ የሚገባው ለታላላቅ ጸሐፊዎች ነው። ጅማም ጸሐፊ አጥታ አይደለም። ነገር ግን ስለ ዳይሬክተር ልዑልቃል ጻፉ ሲባሉ አንዱ ዓይኔን ያመኛል አለ፣ ሁለተኛው ሸቤ ከተማ ለቅሶ አለብኝ ብሎ ጠፋ፣ ሦስተኛውን ሳቅ ጀመረውና ይኸው እስካሁን አልጨረሰም። ስለዚህ ኃላፊነቱ በእኔ በቦሳ አዲስ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ ጫንቃ ላይ ወደቀ። የሰውየውን የወገብና የደረት ልክ፣ የሱሪውንም ቁመት በደብተሬ ይዣለሁ። ከዚህ አልፎ ስለ ሰው ማወቅ ሐሜት ነው፤ ሆኖም ለጥበብ ሲባል ትንሽ እናማለን።

ልዑልቃል የጀመረው በመድረክ ነው። የመጀመሪያ ሚናው የንጉሥ ዘበኛ ሲሆን፣ ድርሻውም «ጌታዬ፣ እንግዶቹ መጥተዋል» ብሎ መውጣት ነበር። ተራ ሰው ቢሆን ይህንኑ ብሎ ይወጣል። እሱ ግን እንግዶቹ በየት በኩል እንደመጡ፣ መንገዱ እንዴት ጭቃ እንደነበረ፣ እሱ ራሱ ዘበኛ ከመሆኑ በፊት ምን ዓይነት ልጅነት እንዳሳለፈ እየተንሰቀሰቀ አሥራ አንድ ደቂቃ ተናገረ። ንጉሡን ዙፋኑ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እንግዶቹ ከመጋረጃው ኋላ ቆመው ቆመው ሲሰለቻቸው ልብሳቸውን ቀይረው ወደየቤታቸው ሄዱ። ሕዝቡ ግን አዳራሹ እስኪናጋ አጨበጨበ፤ ያለቀ መስሎት ነው።

ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ ሄዶ ስድስት ዓመት ቆየ፤ በስድስተኛው ዓመትም በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ በቴሌቪዥን ታየ። የታየው በር ከፍቶ መኪና ሲያስገባ ነው። ፊቱ ወደ በሩ ስለነበር ያየነው ጀርባውን ነው። ግን ጀርባ ስላችሁ! የቦሳ አዲስ ሰው ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቦ «እሱ ነው! በአላህ እሱ ነው! ትከሻውን እዩት!» እያለ ተቃቀፈ። እናቱ «ልጄ ከስቷል» ብለው አለቀሱ። ለበዓል ሲመጣ ሂርማታ ገበያ ውስጥ የሚያገኘው ሰው ሁሉ በቅድሚያ «እስቲ ዙር» ይለዋል፤ ሲዞር ነው «አዎ፣ ራሱ ነው» ብሎ የሚጨብጠው።

በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ጠቅልሎ ተመለሰና ሱቄ ገባ።

«ከእንግዲህ ትወና በቃኝ» አለኝ።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ዳይሬክተር ሆኛለሁ።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

አሥራ አራት ኪስ ያለው ሰደርያ አዘዘኝ። ምን ልትይዝበት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ዳይሬክተር ስለ ኪሱ አይጠየቅም» ብሎ ዘጋኝ። ሰፋሁለት፤ መታጠፊያ ወንበሩ ላይም ስሙን በቢጫ ክር ጠለፍኩለት። ያን ቀን አንድ ሰው ዳይሬክተር የሚሆነው በኪስ ብዛት መሆኑን ተረዳሁ፤ ብዙ ባለሥልጣን ሱቄ ስለሚመጣ ነገሩ አላስደነቀኝም።

አሁን ወደ መንግሥት ሥራ እንግባ። አንድ ጽሕፈት ቤት አለ። የት እንዳለ አልናገርም፤ እኔም ልጆች አሉኝ። የዚህ ጽሕፈት ቤት የዓመቱ ዕቅድ ውስጥ፣ ከችግኝ ተከላና ከስብሰባ ቀጥሎ፣ «ፊልም፦ ብዛት 1» የሚል ሰፍሮ ነበር። ማን እንደጻፈው አይታወቅም። አሥር ወር ያህል ማንም አላየውም። በሚያዝያ ማለቂያ አየነው አሉ። ኃላፊው አቶ ጎሳዬ ደነገጡ፤ ሰኔ ሠላሳ ዓመቱ ይዘጋል፤ ችግኝ ቢጎድል ደረቀ ይባላል፣ ፊልም ግን ደረቀ አይባልም። ዳይሬክተሩን አስጠሩት።

«ፊልም ትሠራለህ?» አሉት።

«እኔ የምሠራው ጥበብ ነው።»

«ብዛት?»

«አንድ።»

«እስከ ሰኔ ሠላሳ ይደርሳል?»

«አቶ ጎሳዬ፣ ጥበብ ቀጠሮ አታውቅም።»

«ግድ የለም፣ እኛ እናውቅላታለን» ብለው ፈረሙ።

ፊልሙ በእርቅ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ሁለት የቡና ገበሬ ወንድማማቾች ይጣላሉ፣ ሽማግሌ ያስታርቃቸዋል፣ ሰው ያለቅሳል። ቦታው ከጅማ ወጣ ብላ ያለችው ሰርቦ። ችግሩ በግንቦት ቀይ ቡና ከየት ይመጣል ነው። ዳይሬክተሩ ግን መላ አያጣም፤ ሁለት ጆንያ በቆሎ ቀይ ቀለም አስነክሮ በቡና ማድረቂያ የእንጨት አልጋ ላይ አስነጠፈ። የሰርቦ ዶሮዎች መጥተው በሉት፤ አፋቸው ደም የጠጣ አውሬ መሰለ። ከጅማ ተነሥቶ በሰርቦ በኩል የሚያልፍ ሾፌር አንዱን ዶሮ አይቶ መኪናውን አቁሞ ቢስሚላሂ አለ።

ተዋናዮቹን ለመምረጥ ገና ማስታወቂያ ሳይለጠፍ ወይዘሮ ረሺዳ መጣች። ረሺዳ የሰርቦ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ከእኔም ጋር በሥራ እንተዋወቃለን። ሁለት ወንድሞች አሏት፣ ታላቁ ሸኩር ታናሹ ኸይሩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አይነጋገሩም። የተጣሉት ከአባታቸው በወረሱት ግቢ ውስጥ በቆመ አንድ የቡና ማድረቂያ አልጋ፣ ይበልጥ በትክክል በአልጋው አንድ እግር ምክንያት ነው። እግሩ ወደ ሸኩር በኩል አንድ ክንድ አልፎ ቆሟል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሸኩር ኸይሩን መንገድ ላይ ሲያገኘው ለኸይሩ አህያ ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል። ኸይሩም አህያውን ወክሎ አይመልስም።

«ስማኝ ልዑልቃል» አለችው ረሺዳ። «ሰኔ ማለቂያ ላይ ልጄ ሩፈይዳ ትዳራለች። የወንዱ ሽማግሌዎች ሲመጡ የልጅቱ አጎቶች አንድ ሰሌን ላይ ተቀምጠው ካልተቀበሉ እኔ ልጄን አልድርም። ምያለሁ። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁባቸው፣ ሦስት ጊዜ መለሱ። ማሎ፣ እባክህ፣ በፊልምህ አስገባልኝ።»

«እትዬ ረሺዳ፣ እኔ የምፈልገው ተዋናይ ነው። እነሱ እኮ የእውነት ተጣልተዋል።»

«ታዲያ ፊልምህ የሚፈልገው የተጣላ ሰው አይደለም እንዴ?»

ነገሩ ገባው። ሽማግሌን እምቢ ያለ ሰው ካሜራን እምቢ አይልም። ለሸኩር ዋናው ተዋናይ አንተ ነህ፣ ኸይሩ አጃቢ ነው ተባለ። ለኸይሩም እንዲሁ በግልባጩ ተባለ። ሁለቱም እሺ አሉ፤ ሸኩር ፀጉሩን ተቆረጠ፣ ኸይሩ ሂና አስቀባ።

ለሽማግሌነት ሐጂ ቲጃኒ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ተጠየቁ። ሐጂ በአካባቢው ስንት ደም ያደረቁ፣ ስንት ትዳር የመለሱ ሰው ናቸው።

«ምን ሆኜ ልሥራልህ ልጄ?» አሉት።

«እንደ ሽማግሌ ይሁኑልኝ ሐጂ።»

«ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከዚህ በላይ ምን ልሁን?»

እንዲህ ሆኖ የመጀመሪያው ቀረጻ ቀን ደረሰ። እኔ ሽማግሌዎቹን አልብሼ ዳር ላይ ቆሜያለሁ። ካሜራውን የያዘው ሬድዋን የሚባል የጅማ የሠርግ ቀራጭ ነው፤ ሙሽራ ሲበላ ከመቅረጽ በቀር ሌላ ነገር ቀርጾ አያውቅም። ዳይሬክተሩ አሥራ አራት ገጽ ንግግር ጽፎ ለሁለቱም አስጠንቷል። «አክሽን!» ብሎ ጮኸ።

ሐጂ ቲጃኒ አክሽን የተባለውን ሰውዬ ፈልገው ግራ ቀኝ አዩና፣ ሲያጡት ወደ ወንድማማቾቹ ዞሩ። «ምንድን ነው የጎዳህ?» ብለው ኸይሩን ጠየቁት። በጽሑፉ ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ የለም። ኸይሩ አፉን ከፈተ፤ አሥራ አራቱ ገጽ ከየት ይምጣ! «አልጋው አይደለም» አለ። «አባባ የሞተ ቀን ቃሬዛውን ሸኩር በዚያ ወገን ያዘ፣ እኔ በዚህ። እስከ መቃብር ድረስ አንዴም ዞሮ አላየኝም። እኔም አባት ነው የሞተብኝ።»

ሸኩር መሬት መሬት እያየ፣ «ባይህ እወድቅ ነበር» አለ። «ቃሬዛው ከእጄ ይወድቅ ነበር ወላሂ። ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ለዚያ ነው ያልዞርኩት።»

ተቃቀፉ። ሁለት ጺማም ሰዎች እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ግቢው በሙሉ አሚን አለ። ረሺዳ መሬት ላይ ተቀምጣ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔም፣ አልዋሽም፣ የለካሁበትን ሜትር ወስጄ ዓይኔን ጠረግሁበት።

«ካት!» አለ ዳይሬክተሩ። «በጣም ቆንጆ። እንደገና።»

«ምን?» አለች ረሺዳ።

«ሲተቃቀፉ የሸኩር ጀርባ ነው የሚታየው። ጀርባ ይዤ ምን ላደርግ ነው? ጀርባ ፊልም አይሆንም!»

በጀርባው የታወቀ ሰው ስለ ጀርባ ሲናገር መቼም ከልምዱ ነው ብለን ዝም አልን። ሐጂ ቲጃኒ ግን ዝም አላሉም።

«ዱዓ ተደርጓል» አሉት። «የታረቀ አይታረቅም። ሌላ የተጣላ ካለህ አምጣ።»

«ሐጂ፣ የተጣሉ ይመስላሉ፣ እርስዎ ደግሞ የሚያስታርቁ ይመስላሉ። ማስመሰል ነው።»

«በጌታ ፊት እጄን ዘርግቼ ላስመስል? አስተግፊሩላህ! ልጄ፣ ለውሸት ጠብ የእውነት ዱዓ አይደረግም። በል ናጋቲ፣ ደህና ዋሉ» ብለው ከዘራቸውን አነሱ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ጥበቡን ትቶ ወንድማማቾቹን እንኳን ደስ አላችሁ ይል ነበር። ለዚህ ነው ሌላ ሰው ዳይሬክተር የማይሆነው። ልዑልቃል ቀጥ ብሎ ወደ አቶ ጎሳዬ ሄደ፤ እሳቸውም የተቋማቸውን ዕቅድ ከአደጋ ለማዳን በዕለቱ የሚከተለውን ደብዳቤ አወጡ። ቃል በቃል አስቀምጠዋለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አማርኛ እኔ መጻፍ አልችልም።

«ጉዳዩ፦ ጠብ እንዲፈጠር ስለመጠየቅ። አቶ ሸኩርና አቶ ኸይሩ የተባሉ ግለሰቦች ከወጣላቸው የጊዜ ሰሌዳ ቀድመው የታረቁ መሆኑ በመረጋገጡ፣ ይህም በሥራው ላይ መጓተት ያስከተለ በመሆኑ፣ ሁለቱም ወገኖች በአስቸኳይ ወደ ቀድሞ ጠባቸው እንዲመለሱና ለቀረጻው የተለመደ ትብብራቸውን እንዲያደርጉ እናሳስባለን። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለሰላምና ጸጥታ፣ እንዲያውቁት።»

ማኅተሙ ክብ ነው፣ ቀለሙም በደንብ የያዘ ነበር።

ወንድማማቾቹ ደብዳቤውን አንብበው ሳቁ። አንድ ላይ ይበላሉ፣ አንድ ላይ ይሰግዳሉ፣ አንድ ዣንጥላ ይዘው ይሄዳሉ። ሊጣሉ አልቻሉም። ዳይሬክተሩ ሰደርያውን ለብሶ ወደ ሱቄ መጣና «ሜትርህን ይዘህ ተነሥ» አለኝ። ዓርብ ነበር፤ ሁለቱ ለጁምዓ መስጊድ በሄዱበት ሰዓት ግቢያቸው ገብተን የዚያን አልጋ እግር ነቅለን ሌላ አንድ ክንድ ወደ ሸኩር በኩል ተከልነው። የለካሁት እኔ ነኝ። ሙያዬን አክብሬ ነው የለካሁት፤ ከአንድ ክንድ አንዲት ጣት አልጨመርኩም። ያን ቀን ግን ምሳ አልበላሁም።

ከመስጊድ ተመለሱ። ሸኩር አልጋውን አይቶ ቆመ።

«ይሄ እግር አልፏል» አለ። «ግን ምንም አይደል፣ ያንተ ይሁን ወንድሜ።»

«አይደረግም!» አለ ኸይሩ። «ያንተ ነው። አሁን እነቅለዋለሁ።»

«አትንቀል ብዬሃለሁ። ስጦታዬ ነው።»

«ስጦታህን አልፈለግኩም።»

«ንቀኸኝ ነው?»

«አንተ ነህ እንጂ የናቅኸኝ! ለማኝ ነኝ እንዴ አንድ ክንድ መሬት የምትመጸውተኝ?»

በአንድ ሩብ ሰዓት ውስጥ አንዱ የአንዱን ኮሌታ ይዞ «ውሰድ!» «አልወስድም!» እየተባባሉ ጎረቤት ገላገላቸው። በዓለም ላይ ሰው ሁሉ ይገባኛል ብሎ ሲጣላ፣ አይገባኝም ብለው የተደባደቡ የሰርቦ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ዳይሬክተሩ ከአጥር ኋላ ሆኖ «አይ ስሜት! አይ ስሜት!» እያለ እጁን ያፋትግ ነበር።

ሐጂ ተጠሩ፤ የእውነት ጠብ ነውና መጡ፤ አስታረቁ። ሸኩር በዚህኛው ፊቱን ወደ ካሜራው አዞረ፣ እንባውም ብርሃን ላይ ወረደ። ግን ዱዓ ሲጀመር ሬድዋን ካሜራውን ለቅቆ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ ካሜራው አንገቱን ደፍቶ የራሱን እግር ቀረጸ።

«ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ጮኸበት ዳይሬክተሩ።

«ታዲያ በአንድ እጄ አሚን ልበል?» አለው ሬድዋን።

ሦስተኛ ጠብ አስፈለገ። እሱም በፖስተሩ ላይ የማን ስም ይቅደም በሚል በቀላሉ ተገኘ። ታረቁ፣ ዝናብ ጣለ። አራተኛው ጠብ ላይ ጎረቤቶችም ገቡበት፤ ከላይ በኩል ያለው ሰፈር ሸኩሬ፣ ከታች በኩል ያለው ኸይሬ ሆነ። ታረቁ፣ አንድ ቀይ ዶሮ በመካከል አለፈ። አቶ ጎሳዬ በበኩላቸው ሪፖርታቸውን አሳመሩ፤ «እርቅ፦ ዕቅድ 1፣ ክንውን 4፣ አፈጻጸም 400 በመቶ» የሚለውን አይተው ከሸቤ በኩል ሳይቀር ልምድ ለመቅሰም እንግዶች መጡ።

«ጠቡን ከየት ነው የምታገኙት?» ብለው ጠየቁ እንግዶቹ ማስታወሻ ይዘው።

«በራሳችን አቅም ነው የምናመርተው» አሉ አቶ ጎሳዬ።

ረሺዳ በየእርቁ ማግስት ሰሌኑን ታራግፋለች፣ በየጠቡ ማግስት ትጠቀልለዋለች። ሠርጉ አምስት ሳምንት ቀረው።

አምስተኛው ቀረጻ ላይ ወንድማማቾቹ ደክሟቸዋል፤ እንባም አልቆባቸዋል። ታረቁ ሲባሉ እንደ ቀበሌ ፊርማ ቶሎ ቶሎ ይታረቃሉ። ዳይሬክተሩ በዚህ አዘነ። ኸይሩን ወደ ጥግ ወስዶ አንድ መስመር ሰጠው፤ «ይህችን በለው፣ ያኔ ያለቅሳል» አለው። ኸይሩ ሳያስብበት፣ ካሜራው በሽማግሌዎቹ ፊት ሲዞር፣ ያቺን አላት።

«አባታችን ከመሞቱ በፊት ሸኩርን አልወደውም ብሎኛል።»

ሸኩር አላለቀሰም። ነጠላ ጫማውን አደረገ፣ ለሐጂ እጅ ነሣ፣ ከግቢው ወጣ። ኸይሩ «ከጽሑፉ ነው! የፊልም ነው!» እያለ እስከ አስፋልቱ ተከተለው። ሰው ግን አንዴ ጆሮው የገባውን ነገር ከየት ገጽ እንደተነበበ አይጠይቅም። ሸኩር ያን ቀን ለአህያውም ሰላምታ አልሰጠም።

ዳይሬክተሩ ወደ ሬድዋን ዞሮ «ቀረጽኸው?» ብሎ ጠየቀ። ቀርጾታል።

በማግስቱ ረሺዳ ሰሌኗን ተሸክማ ሱቄ መጣች። ልዑልቃል ሰደርያው ላይ አሥራ አምስተኛ ኪስ ሊያስጨምር ተቀምጦ ነበር።

«እንካ» ብላ ሰሌኑን እግሩ ሥር ጣለችው። «ካንተ ጋር ይሁን። የእኔ ልጅ አትዳርም። ዘጠኝ ዓመት በእግዜርም በአላህም ስም ለምኜ ያላገኘሁትን በአንድ ከሰዓት ሰጠኸኝ፣ ከዚያ ፊቱ አልታየኝም ብለህ ቀማኸኝ! ለመሆኑ የማንን ፊት ነበር ማየት የፈለግኸው? የእኔን ፊት እየው እስቲ!»

«እትዬ፣ ይህን ስሜት እኮ…»

«ስሜት ብትለኝ በዚህ መቀስ ምላስህን ነው የምቆርጠው!»

መቀሱን ቀስ ብዬ ወደ መሳቢያ አስገባሁ። እሷ ግን ከእኔ ሱቅ ወጥታ በቀጥታ ሐጂ ቲጃኒ ዘንድ ሄደች።

ሐጂ ሁላችንንም አስጠሩን። «ይህ ጠብ የማን ነው?» ብለው ጀመሩ። ሸኩር የኸይሩ ነው አለ። ኸይሩ የጽሑፉ ነው አለ። ረሺዳ የዳይሬክተሩ ነው አለች። ዳይሬክተሩ የጥበብ ነው አለ። በዚህ መካከል አቶ ጎሳዬ ደብዳቤው እንዳይጠቀስ ሲያስሉ፣ ሬድዋን ከኪሱ አውጥቶ አነበበው። ሐጂ እስከ ግልባጩ ድረስ ሰሙ።

«ማኅተም አለው?»

«አለው ሐጂ።»

«ሱብሐነላህ! ሰይጣን እንኳ ይህን ሥራ ያለ ማኅተም ነው የሚሠራው» አሉ።

አቶ ጎሳዬ እኛ ያጸደቅነው ብዛቱን እንጂ ይዘቱን አይደለም ብለው ስብሰባ አለብኝ አሉና ወጡ። የአልጋውንም እግር ነገር እኔ ተናዘዝኩ፤ ሜትሬን ሐጂ ፊት አስቀመጥኩ። ፍርዱም እንዲህ ሆነ፤ የጠቡ ባለቤት ዳይሬክተሩ ነው፤ ስለዚህ ቅዳሜ እንደ አገሩ ወግ እርጥብ ሳር ይዞ፣ ባዶ እግሩን፣ በሁለቱ ወንድማማቾች ፊት ይቅርታ ይጠይቅ፤ ይቅርታው ካልደረሰ እነሱም አይታረቁም። ካሜራ አይገባም። እኔ የአልጋውን እግር ወደ ቦታው መልሼ እንድተክል ተፈረደብኝ፤ ተከልኩት።

ቅዳሜ መጣ። የሰርቦ ሰው ግቢውን ሞላው። ሸኩር በአንድ ጫፍ፣ ኸይሩ በሌላው ጫፍ ተቀመጡ። ልዑልቃል ሳሩን ይዞ ገባ፤ ገና ከበሩ ተደናቀፈ፣ ተንበረከከ፣ ሳሩን ወደ ሰማይ አነሣ። «እናንተ ወንድማማቾች ሆይ!» ብሎ ጀመረ። ስለ ልጅነቱ፣ ስለ መንገዱ ጭቃ፣ ስለ ስድስት ዓመት ስደቱ ተናገረ፤ እንባው እስከ ኮሌታው ወረደ። ሴቶች አለቀሱ። እኔም ሰደርያው ሲረጥብ እያየሁ አለቀስኩ፤ ጨርቁ ውኃ አይወድም።

ሐጂ ታግሠው እስኪጨርስ ጠበቁ።

«ማሻአላህ፣ ጎበዝ ነህ» አሉት። «እሺ፣ አሁን ይቅርታ ጠይቅ።»

«ጠየቅኩ እኮ ሐጂ!»

«አላመንኩህም። ለቅዳሜ ተመለስ።»

በሁለተኛው ቅዳሜ ከጅማ ሳይቀር ሰው በሚኒባስ መጣ። ልዑልቃል ጭቃው ላይ ተንከባለለ፣ ሳሩን በላ፣ በመጨረሻም ራሱን ሳተ። ጭብጨባው ለጉድ ነበር። ሐጂ ሲነቃ ጠብቀው «ለቅዳሜ» አሉት። በዚህኛው ቅዳሜ ከሰው ብዛት የተነሣ ወንበር ስለጠፋ ሸኩርና ኸይሩ አንድ አግዳሚ ላይ ነበሩ፤ በመካከላቸው ረሺዳ ተቀምጣለች። አይነጋገሩም፤ ነገር ግን ሰውየው ሳሩን ሲያላምጥ ሁለቱም በአንድ ጊዜ አፋቸውን ሲይዙ አይቻለሁ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ሠርጉ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ዋለ። ልዑልቃል ሰደርያውን ሳይለብስ መጣ። ከስቷል፤ ድምፁም የለም፤ ሁለት ሳምንት ሲጮህ ከርሞ ተዘግቷል። ሳሩን ይዞ ወንድማማቾቹ ፊት ቆመ። መንበርከክ እንኳ ረሳ።

«የአልጋውን እግር ያስነቀልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሸኩር፣ አባትህ ይወዱህ ይሁን አይወዱህ እኔ አላውቅም። አባትህን አይቻቸው አላውቅም። ከራሴ ነው የጻፍኩት፤ እንድታለቅስልኝ ብዬ ነው። ኸይሩን አትቀየመው። ታርቃችሁ ነበር፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። እንባም የለ፣ ምንም የለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ከጅማ የመጡት ሰዎች ይቀጥላል ብለው ጠበቁ። ሐጂ ቲጃኒ ግን «አልሐምዱሊላህ። ይሄ ነው» ብለው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ረሺዳ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ ከመካከል ተነሣች፣ የተጠቀለለውን ሰሌን ዘረጋችና ወንድሞቿን ጎትታ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

ሸኩር እጁን እንደዘረጋ ወደ ኸይሩ ጆሮ ጠጋ አለ። በአንድ ወር ውስጥ ለወንድሙ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ያለፈው ቅዳሜ ይሻል ነበር» አለው።

«በጣም እንጂ!» አለ ኸይሩ። «ምን ያገናኘዋል? ያ እኮ እንባ ነበረው።»

ተያይተው ሳቁ፤ ትከሻ ለትከሻ ተደጋገፉ፤ ሐጂም አሚን አስባሉ። ልዑልቃል ግን ዱዓው ሳያልቅ፣ ሳሩን እንደያዘ፣ አንገቱን ወደ ሁለቱ ቀለስ አድርጎ በዚያ በተዘጋ ድምፁ፣ «የዛሬው የቱ ጋ ነው የደከመው?» ብሎ ጠየቃቸው።